የእናቴን የደም ውጤት በመርዶ ነጋሪ ለላከልኝ ሐኪም ቤት

ሐምሌ 2005 ዓ.ም.
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ዶክተር ተከስተ ገብረዋህድ፣ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ነው? ትኩሳት፣ ላብ፣ ብርድ ብርድ ማለት እንደሌለብዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። በሆስፒታልዎ አንድ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ምን እንደሚጠብቀው ስለማውቅ ጤና የምመኝልዎት ከልቤ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በተለይም በሕይወት ካሉ ለእናትዎ፣ ሐኪም የማያስፈልገው ጤና ይስጥልኝ።

እኔ ሲምረት ወልደአረጋይ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በኬሚስትሪ ተመርቄ እዚሁ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስሜን የምነግርዎት በሆስፒታልዎ ስለማይታወቅ ነው፤ እዚያ የምጠራው «ልጅቷ» እየተባልኩ ነበር። እናቴ ወይዘሮ ትበርህ በካዛንቺስ ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ግንቦት ውስጥ በአንድ ሰኞ ቀን የሐሞት ጠጠሯን ለማስወጣት በእግሯ፣ ቦርሳዋን ራሷ ይዛ፣ ወደ ሆስፒታልዎ ገባች፤ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሬሳዋን አወጣን። የገደላት የሐሞት ጠጠሩ አይደለም፤ እሱ በሰላም ወጥቷል፣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጋችሁ ሰጥታችሁኛል፣ እስካሁን አለኝ። የገደላት በተኛችበት ደሟ ውስጥ የገባ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ነው።

በሰኔ ወር ላቀረብኩት አቤቱታ በፊርማዎና በማኅተምዎ የላኩልኝ መልስ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው አንቀጽ ላይ «ባለሙያዎቻችን የቤተሰቡን ሥነ ልቦና በመጠበቅና የኅብረተሰባችንን መልካም ባህል በማክበር ውጤቱን ለሚመለከተው ትልቅ ዘመድ በአግባቡ አሳውቀዋል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንድም ውሸት የለበትም። እናቴ እንዴት እንደሞተች ከዚህ በላይ በትክክል የጻፈ ሰው የለም፤ ልዩነታችን እርስዎ ዓረፍተ ነገሩን የጻፉት ለመመስገን መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ። በአደባባይ ማድረጌም መልካም ሥራ ተደብቆ መቅረት ስለሌለበት ነው።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። እናቴ በተኛች በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የብረት አልጋው እስኪንኳኳ ድረስ አንቀጠቀጣት፤ ትኩሳቷም ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ደረሰ። ተረኛው ሐኪም ወዲያው መጥቶ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን፣ በአገራችን ለሁሉም ነገር የሚታዘዘውን አንቲባዮቲክ አዘዘላት። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ደም ተወስዶ ባክቴሪያው ምን እንደሆነ ቢመረመር ምን ይመስልዎታል ብዬ በትሕትና ስጠይቀው «አንቺ ኬሚስትሪሽን አስተምሪ፣ የኔ እመቤት፤ ይሄን ለኛ ተይልን» አለኝ። በዙሪያው የነበሩት ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እናትዎ በእጁ ያለችበትን ሰው አያስቀይሙትም። ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ለማስረዳት ያህል፣ ደም ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ማንነቱ የሚታወቀው ደሙ መድኃኒት ሳይቀምስ ተወስዶ በላቦራቶሪ ሲበቅል ነው፤ መድኃኒቱ ከቀደመ ላቦራቶሪው ብዙ ጊዜ ባዶ ጠርሙስ ሲጠብቅ ይከርማል። እሑድ ትኩሳቱ አልወረደም፤ ሰኞም አልወረደም። ሐኪሞቹም ያንኑ መድኃኒት መጠኑን ጨመሩላት። በኋላ እንደታወቀው ባክቴሪያው ሴፍትሪያክሶንን ከቁም ነገር የሚቆጥር አልነበረም።

ሁለተኛ፦ የእናቴን ደም ራሴ እንዳጓጉዝ ስለፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ለምኜ ማክሰኞ ዕለት ደሟ በሁለት ጠርሙስ ተቀዳ። ሆስፒታልዎ እንዲህ ያለውን ምርመራ ስለማይሠራ ጠርሙሶቹን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ማድረስ የአስታማሚ ሥራ ነው። ሲስተር አስቻለች፣ የክፍሉ ነርስ፣ በደግነት በረዶ ያለበት ፌስታል ሰጠችኝ፤ «እንዳይበላሽብሽ» ብላ። ነገር ግን የምንፈልገው ባክቴሪያው እንዲበቅል ነበር፤ እሱ ደግሞ ብርድ አይወድም። ይህን እነግራት ነበር፣ ሆኖም በሦስት ቀን ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ እንዲሳቅብኝ አልፈለግኩም። ደረጃው ሥር በረዶውን ደፋሁና ጠርሙሶቹን ከሹራቤ ውስጥ በብብቴ አደረግኳቸው። ከኡራኤል እስከ ኦሎምፒያ በሚኒባስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተቀምጠን፣ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ፣ መንቀሳቀስ ፈርቼ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «ክንድሽ ተሰብሯል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እግዜር ይማርሽ» አሉኝ፤ ለመውረድ ስነሳም ማንም እንዳይገፋኝ በእጃቸው ከለሉልኝ። እናቴን ያሞቅኳት የመጨረሻ ጊዜ ያ ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ የተቀበለኝ ደጉ የሚባል ባለሙያ ጠርሙሶቹን ዳስሶ «በበረዶ ሳታደርጊ ያመጣሽ የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ» አለኝ። ውጤቱ ሲደርስ ለሐኪሙ እንደሚደውል፣ ለቤተሰብ መናገር ግን ደንቡ እንደማይፈቅድለት አስረዳኝ። ደንብ አከብራለሁ። «ለሐኪሙ ከተነገረ ለኔ ተነገረኝ ማለት ነው» አልኩት። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የማፍርበት የለም።

ሦስተኛ፦ ስለ ርኅራኄያችሁ አመሰግናለሁ። ይህ ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ደጉ ወደ ክፍላችሁ ደወለ። የደወለበትን ሰዓት በደብተሩ ጽፎታል፣ አይቼዋለሁ። በእናቴ ደም ውስጥ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ እንደተገኘ፣ ከተሞከሩበት አሥር መድኃኒቶች ዘጠኙን እንደተላመዳቸው፣ አሥረኛው ግን፣ ሜሮፔነም የሚባለው፣ እንደሚገድለው ተናገረ። እንዲህ ያለው ነገር በእነሱ ላቦራቶሪ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያጋጥም ነው፤ ስለዚህ ደጉ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ሐኪሙን ሁለቴ አስደግሞታል። ወረቀቱንም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የሆስፒታልዎ መልእክተኛ ፈርሞ ወሰደ።

እኔ አልጋው አጠገብ ነበርኩ። ሐኪሙ በአጠገቤ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ በሦስተኛው ቆመና በእነዚያ ሁሉ ቀናት ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «ወንድ ዘመድ የላችሁም? ትልቅ ሰው? አጎት ምናምን?» አለኝ። ደም ሊሰጥ የሚፈለግ መስሎኝ እኔም መስጠት እችላለሁ አልኩት። «አይ፣ አይ፤ እሱ ብቻ ይምጣልን» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ሲስተር አስቻለችም «አንቺ ደግሞ እህል ቅመሺ እንጂ፣ እናቴ» ብላ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በዚያ ቀን ሁሉም ሰው ለእኔ ጥሩ ነበር። መጠርጠር ነበረብኝ።

ምን እንደታሰበ የተረዳሁት በኋላ ነው። ሜሮፔነም በሆስፒታላችሁ መድኃኒት ቤት የለም። ሐኪሙም እኛ ዘንድ ከሌለ አገር ውስጥ የለም ብሎ ደመደመ፤ ወደ አንድም መድኃኒት ቤት አልደወለም። መድኃኒቱ ከሌለ ደግሞ ያ ወረቀት መርዶ ሆነ። የመርዶን ወግ ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ ብቻዋን ለቆመች ሴት ልጅ በድንገት አይነገርም። ወጉ ክፉ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ብዙ አይተው ያወጡት ነው። ግን ክቡር ዶክተር፣ መርዶ የሚነገረው ለሞተ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው አይቸኩልም። እናቴ ግን ከወረቀቱ ሃያ እርምጃ ርቃ ትተነፍስ ነበር።

አጎቴ አቶ ሃድጉ መቀሌ ነው የሚኖሩት። ዓርብ ማታ ደወልኩላቸው፤ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ አውቶቡስ ተሳፍረው መንገድ ላይ አድረው እሑድ ማታ ገቡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እግራቸው አብጦ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቀናት እናቴ አማርኛዋን እየረሳች ሄደች። ሃያ ዓመት በካዛንቺስ የተከራከረችበት አማርኛ ከትኩሳቱ ጋር ጥሏት ሄደና በልጅነት ትግርኛዋ ብቻ ቀረች። ነርሶቹ በመዝገቧ ላይ «ትዘባርቃለች» ብለው ጻፉ። አልዘባረቀችም፤ ማይ፣ ማይ ትል ነበር፤ ውሃ ማለት ነው። ከእኔ ሌላ የገባት በአጠገቧ አልጋ የተኛችው ፈትያ ናት፤ እግሯን ተሰብራ ብረት የገባላት፣ በኦሎምፒያ የጫማ ሱቅ ያላት ሴት። ጅዳ ሠርታ ስለነበር ቃሉ ከዓረብኛው ተቀራርቦላት፣ እኔ በሌለሁበት ሰዓት ክራንቿን ተደግፋ እየተነሳች ታጠጣት ነበር። የነርሶቹን ሥራ በአንድ እግሯ ስለሠራች ምስጋናው ለእሷም ይድረስልኝ።

ሰኞ ጠዋት አጎቴ ወደ ሐኪሙ ቢሮ ገቡ። ሩብ ሰዓት ቆይተው ሲወጡ አንድ ወረቀት አጥፈው ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ሲከቱ አየሁ። ምን አሉዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። «ደህና ነው፣ ልጄ፤ ጸሎት ነው የሚያስፈልገው» አሉኝና የዘመዶቻችንን ስልክ ቁጥር ጠየቁኝ። አጎቴን አልወቅስም፤ የታዘዙትን አደረጉ። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ አጎቴ እንግሊዝኛ አያነቡም። ከቤተሰባችን መካከል ወረቀቱን ማንበብ የማይችለውን ሰው ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ አስጠርታችሁ፣ ማንበብ የምትችለው ውጭ ቆማ ሳለ ሰጣችኋቸው። ይህን ያህል መጠንቀቅ ከየት ይገኛል!

የዚያኑ ዕለት ማታ ሌላ ዘመድ ያድርላታል፣ አንቺ ደክሞሻል ተብዬ ወደ ቤት ተላክሁ። ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በራችን ተንኳኳ። ስከፍት ሰባት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከፊት አጎቴ ናቸው። አባቴ ወልደአረጋይ ከዘመቻ ሳይመለስ የቀረ ጊዜ የመጡትም በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አኳኋን ነበር፤ የዚያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ ስለዚህ ማንም እንዲነግረኝ አልጠበቅኩም። ወለሉ ላይ ወድቄ ስለ እናቴ ጮኽኩ። ጎረቤት ወጣ። ሴቶቹ እጆቼን ይዘው አብረውኝ ማልቀስ ጀመሩ። አጎቴ ሊያሰሙኝ ሲሞክሩ ጥቂት ቆዩ፤ በመጨረሻ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «ኧረ አልሞተችም! ስሚኝ፣ ልጄ፣ አልሞተችም! መድኃኒቱ እምቢ ብሎ ነው እንጂ» አሉ።

እናቴ እየተነፈሰች አለቀስኩላት፣ ክቡር ዶክተር። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ያውቁ ይሆን? ሰው አንዴ ነው የሚያለቅሰው፤ በትክክለኛው ቀን ለማልቀስ ስፈልግ ምንም አልቀረልኝም። በቀብሯ ላይ ደርቄ ስቆም ያዩኝ ሰዎች ልበ ድንጋይ ናት ብለውኛል።

ወረቀቱን ስጡኝ አልኳቸው። «ይቅርብሽ፣ ምን ያደርግልሻል» አሉ። ከኮታቸው ኪስ ራሴ አወጣሁት። አሥር መስመር ነው። ከዘጠኙ መድኃኒቶች ትይዩ አይሠራም የሚል ምልክት አለ፤ ከአንዱ ትይዩ ይሠራል የሚል። ሰባቱ ዘመዶቼ ስለ ዘጠኙ ሲያለቅሱ እኔ አሥረኛውን አነበብኩ።

ተነስቼ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። በካዛንቺስ ሁለት መድኃኒት ቤት ጠየቅኩ፤ የላቸውም። ኦሎምፒያ ያለው ስሙንም አላወቀውም። አራተኛው በመስቀል ፍላወር መንገድ ላይ ነው። ባለሙያዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችኝና «አለኝ። ስምንት ወር ሆነው፤ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ልመልሰው ነበር» አለችኝ። ማዘዣ ስላስፈለገ ወደ ሆስፒታልዎ ተመለስኩ፤ ሐኪሙን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ወሰደ፣ ሳገኘው ግን ቀና ብሎ ሳያየኝ ጻፈልኝ። የመጀመሪያው መድኃኒት በእናቴ ደም ሥር ውስጥ የገባው ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ጀምሮ ሲቆጠር መቶ አንድ ሰዓት ይሆናል። ከሆስፒታልዎ በር እስከዚያ መድኃኒት ቤት ድረስ በኋላ ቀስ ብዬ ተራመድኩት፤ አሥራ አራት ደቂቃ ነው።

ረቡዕ ትኩሳቷ ወረደ። ረቡዕ ማታ አማርኛዋ ተመለሰ፤ ፈትያን «አንቺ ልጅ፣ በዚያ እግርሽ አትነሺብኝ» ብላ ተቆጣቻት፣ እኛም ከደስታ ብዛት ሳቅን። ሐሙስ ጠዋት ግን ሽንቷ ቆመ፣ ደም ግፊቷ ወደቀ፣ ሰባት ሰዓት ላይ አለፈች። ባክቴሪያው ተሸንፎ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ በፊት አልቃ ነበር። ሐኪሙ በአንሶላው እየሸፈናት «ቀደም ብሎ ቢጀመር ኖሮ...» አለ። በእርግጠኝነት ትድን ነበር አልልም፤ ተምሬያለሁና የማላውቀውን አልምልም። የምለው ዕድል ነበራት ነው፤ ዕድሉም አጎቴ ኪስ ውስጥ ተኝቶ ነበር።

አራተኛው ምስጋና ለእናንተ አይደለም፤ ለራሴ ነው፤ ግን በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካልጻፍኩት ሌላውን ሁሉ ለመጻፍ መብት የለኝም።

እናቴ ስለ አባቴ ሞት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትናገረው። መርዶው ከመነገሩ በፊት ሰፈሩ በሙሉ ዘጠኝ ቀን ያውቅ ነበር፤ እሷ በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለአባቴ የሹራብ እጅጌ ትሠራ ነበር። ጎረቤቶቿ እየመጡ አጠገቧ ተቀምጠው ክሩን እያዩ «ቀለሙ ያምራል» ይሏት ነበር። «ሁሉም ያውቁ ነበር እኮ፤ ለሞተ ሰው እጅጌ ስለካ እያዩኝ» ትለኝ ነበር። የሞቱን ነገር ይቅር ያለችው ይመስለኛል። «ቀለሙ ያምራል» ያሏትን ግን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለችም።

ይህን እያወቅኩ፣ ረቡዕ ማታ አእምሮዋ ሲመለስ «ጓለይ፣ ደሜ ምን አለ?» አለችኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ወረቀቱ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «ትንሽ ኢንፌክሽን ነው፣ እማ፤ መድኃኒቱ ተገኝቷል፣ አለቀ» አልኳት። ፊቴን አተኩራ አየችው። ከዚያ ፈገግ አለችና «እንግዲህ አንቺም አደግሽ በይኛ» አለችኝ። በማግስቱ ሞተች። ልትነግረኝ የምትፈልገው፣ ለሱቁ፣ ለአጎቴ፣ ለእኔ ልትናዘዘው የምትፈልገው ነገር ቢኖር አንድ ምሽት ነበራት፤ ያንን ምሽት የወሰድኩባት እኔ ነኝ። የወሰድኩባትም ስለምወዳት ነው። እናንተም ስላዘናችሁልኝ ነው፣ አምናለሁ። አስቻለች ፊቷን ወደ መስኮት ያዞረችው እንባዋ መጥቶ ነው፣ አምናለሁ። በዚህ ነገር ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ቢገኝልኝ እንዴት ይቀለኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ደጉ ሄድኩ። የእናቴን ባክቴሪያ ያበቀሉባቸውን ሁለት ሳህኖች ፎቶግራፍ አሳየኝ። ገለባ የመሰለ ቢጫ መደብ ላይ አሥር ትንንሽ ነጫጭ ክቦች ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዱ ክብ መድኃኒት የነካ ወረቀት ነው። በዘጠኙ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ አፋፋቸው ድረስ ያለ ምንም ፍርሃት በቅሏል። በአሥረኛው ዙሪያ ግን ምንም ያልበቀለበት ንጹሕ ቦታ አለ። ስፋቱን በማስመሪያ ለካልኝ፤ ሃያ አራት ሚሊ ሜትር ነው። እናቴ ልትድንበት ትችል የነበረው ቦታ ያን ያህል ነው። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ፤ ሰው ግን ሊያነበው ይችላል።

ስለዚህ ክቡር ዶክተር፣ ካሣ አልጠይቅዎትም፣ ሐኪሙም እንዲባረር አልጠይቅዎትም። የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ የደም ውጤት ሲመጣ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ በመጣበት ሰዓት ለራሱ ለታማሚው፣ እሱ ካልቻለ አልጋው አጠገብ ለቆመው ሰው ይነገር፤ ያ ሰው ሴት ብትሆንም፣ ወጣት ብትሆንም፣ ብቻዋን ብትሆንም፣ ብታለቅስም። ልቅሶ ጊዜ አይፈጅም። እያለቀሱ መሮጥ ይቻላል፤ እኔ ከካዛንቺስ እስከ መስቀል ፍላወር ሞክሬው ሠርቷል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው በየክፍሉ እስኪለጥፉ ድረስ በየሳምንቱ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ፤ አስተማሪ ነኝ፣ መልሱ እስኪስተካከል ደጋግሞ መጻፍ ሥራዬ ነው።

ለእኔ ጤንነት ያሳያችሁትን ስስት ለታማሚዎቻችሁም ቢያዳርሱት ወሮታው የማይረሳ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ፣ ለብቻዎ ሆነው ካነበቡትም ስለ ድፍረትዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሳት እሰናበታለሁ።

የወይዘሮ ትበርህ ልጅ፣
ሙሉ ስሜ ሲምረት ወልደአረጋይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአጠገቧ አልጋ የነበረችው ፈትያ የእግሯ ቁስል አልድን ብሏት ባለፈው ሳምንት ተመልሳ ተኝታ ነበር፤ ትኩሳትም ያዛት። ማን እንደነገረኝ አልጽፍም፤ ብቻ የእሷም የደም ውጤት ደርሶ ሐኪሙ «ባልሽ የለም እንዴ?» ብሎ በለስላሳ ድምፅ እንደጠየቃት፣ ባለቤቷ አቶ ሙሐሲን ለንግድ ከሄደበት ቡታጅራ እየተጠራ መሆኑን ሰማሁ። በመጠየቂያ ሰዓት ገብቼ የሆነውን ሁሉ በአጭሩ ነገርኳት። እሷም ሐኪሙ ሲያልፍ ጋውኑን ይዛ ወረቀቷ በእጇ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀችውም። እኔ አነበብኩላት። ያው ባክቴሪያ ነው፣ ያው ዘጠኝ፣ ያው አንድ። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም፣ ራሷንም አልሳተችም። የጠየቀችኝ «የት ይሸጣል?» ብላ ነው። መድኃኒቱን የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጀመረች፤ ትኩሳቷ ከጠፋ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ጥብስ አምጡልኝ ብላ ሰው እያስቸገረች ነው። ለአቶ ሙሐሲን ግን እስካሁን አልነገርነውም። ወንድ ልጅ ነው፣ ብቻውን ነው፣ በድንገት ሲሰማ እንዳይደነግጥብን ከቤተሰቡ አንዲት ትልቅ ሴት እያፈላለግን ነው።